የመልስ ጀልባ

ጎንደር ውስጥ ሥራዬን ለሚጠይቀኝ ሰው «መርከበኛ ነኝ» ብዬ ስመልስ መጀመሪያ የሚመጣው ሳቅ ነው። «የት ነው የምትነዳው፣ ቀሃ ላይ?» ይሉኛል። የባሕር በር በሌለው አገር፣ ያውም ደጋ ላይ በተቆረቆረ ከተማ ተወልጄ የንግድ መርከብ የሞተር ክፍል መሐንዲስ መሆኔ አልፎ አልፎ እኔንም ይገርመኛል፤ ነገር ግን በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የባሕር ማሠልጠኛ እንደ እኔ ያለውን የደጋ ልጅ ሰብስቦ አሠልጥኖ በየውቅያኖሱ በትኖታል። ደግሞስ በዓመት አንድ ጊዜ ከቀሃ ወንዝ ውኃ ጠልፎ የፋሲለደስን ገንዳ የሚሞላና ያንን «ጥምቀተ ባሕር» ብሎ የሚጠራ ሕዝብ ከባሕር ምን ያህል ይርቃል?

በበዓል ቀን ብዙ ጀልባ አንድ ወደብ ላይ ሲሰበሰብ ሰው እንዴት በሰላም ገብቶ በሰላም ይወጣል የሚለው ጥያቄ ሁለት ጊዜ ደጄን አንኳኩቷል። አንዱ በውጭ አገር ወደብ ላይ ነው፤ ሌላው ከጎንደር በስተደቡብ፣ በጎርጎራ አቅጣጫ፣ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ነው። ሁለቱ ጉዳዮች በመጠን አይገናኙም፤ በጠባያቸው ግን መንታ ናቸው።

የመጀመሪያው እንዲህ ነበር። የጫነው መርከባችን ወደ አንድ ትልቅ ወደብ ሲቃረብ ከተማው ብሔራዊ በዓሉን በርችት የሚያከብርበት ምሽት ላይ ደረስን። እኛ ከታች፣ ሞተር ክፍል ውስጥ ነን፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ «ተዘጋጁ» ተብለን ሞተሩን አሙቀን፣ ጆሮአችንን ለስልኩ ሰጥተን እንጠብቃለን። ትእዛዙ አይመጣም። ከሰዓት በላይ ከቆየን በኋላ የወደቡ ተቆጣጣሪ በሬዲዮ መልስ መስጠቱን ከላይ ነገሩን፤ ርችቱ አልቆ ትንንሾቹ ጀልባዎች ቦታ እስኪለቁ ድረስ ማንም ትልቅ መርከብ መግቢያውን አያልፍም ተባለ። አንድ መርከብ አንድ ሰዓት ሲቆም የሚከስረውን ገንዘብ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ተራዬ ሲደርስ አየር ልቀበል ወደ ላይ ወጣሁ። ወደቡ የመስቀል ደመራ ይመስል ነበር፤ የጀልባው መብራት ብዛት ከውኃው ይበልጣል። በየጀልባው ላይ ቤተሰብ፣ ሕፃን፣ ሙዚቃ፣ ምግብ አለ። ርችቱ የሚተኮስበትን ጀልባ በሰፊው ክብ አጥረው ማንም እንዳይገባበት የጥበቃ ጀልባዎች ይዞሩታል። ክቡ በዘፈቀደ የሚለካ አይደለም፤ ለምሳሌ አሜሪካውያን በሚሠሩበት ስሌት ለርችቱ ጥይት ስፋት በየኢንቹ 70 ጫማ ርቀት ይተዋል፤ ስለዚህ 6 ኢንች የሆነው ርችት 420 ጫማ፣ ማለትም 128 ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል። እኔን የገረመኝ ግን ይህ አልነበረም። ርችቱ ወደ ሃያ ደቂቃ ገደማ ቆየ፤ የመጨረሻው ብልጭታ ጠፍቶ ጭሱ ገና ሳይበተን አጠገቤ የቆመው ዋናው መሐንዲስ፣ ዕድሜውን በባሕር ላይ የጨረሰ ሰው፣ ሲጋራውን አጥፍቶ «እስካሁን ጨዋታ ነበር፤ አደጋው ገና አሁን ነው የሚጀምረው» አለኝ።

ወዲያውኑ ገባኝ። ወደ በዓሉ ሲመጡ ሰዎቹ የመጡት ቀኑን ሙሉ ተንጠባጥበው ነው፤ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከምሳ በኋላ፣ አንዱ ሊመሽ ሲል። ሲሄዱ ግን ሁሉም በአንድ ደቂቃ መልሕቁን ይስባል። በብርሃን የመጣው በጨለማ ይመለሳል፤ በንቃት የመጣው ደክሞት፣ አንዳንዱም ጠጥቶ ይመለሳል፤ ዐይኑ ከርችቱ ብልጭታ ገና አላገገመም፤ ከኋላው ያለው የከተማ መብራት ደግሞ የሌላውን ጀልባ መብራት ይውጥበታል። ለትንሽ ጀልባ ማንም ሰው ስለማይነግረው ነው እንጂ እንደኛ ያለ የተጫነ መርከብ ሞተሩን ወደ ኋላ ቢያዞር እንኳ ለመቆም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይፈልጋል፤ ከአፍንጫው ፊት ደግሞ መሪው ፈጽሞ የማያየው ስፍራ አለ፤ ዓለም አቀፉ ደንብ ራሱ ይህ ስውር ስፍራ የመርከቡን ርዝመት ሁለት እጥፍ ወይም 500 ሜትር፣ ከሁለቱ ያነሰውን፣ እንዳያልፍ ነው የሚያዘው። ይህ ማለት አንድ ቤተሰብ በጀልባው ላይ ሆኖ መርከባችንን እያየ እጁን ሲያውለበልብልን እኛ ፈጽሞ ላናየው እንችላለን።

ከዚያ ወዲህ በበዓል ቀን ስለሚደርሱ የውኃ አደጋዎች ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ልማድ ሆነብኝ፤ የሙያ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2012 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ላማ 4 የተባለች ጀልባ የአንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ሠራተኞችንና ቤተሰቦቻቸውን የብሔራዊ በዓሉን ርችት ልታሳይ ይዛ ስትሄድ ከመደበኛ የመንገደኞች ጀልባ ጋር ተጋጭታ 39 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ ውስጥ ልጆች ነበሩበት። መርማሪ ኮሚሽኑ ያገኘው ነገር ሆድ ያባባል፤ ጀልባዋ ስትሠራ ሊኖራት የሚገባ ውኃ የማያሳልፍ በር አልተገጠመላትም፤ ስለዚህ በደቂቃዎች ውስጥ በኋላዋ ሰጠመች፤ ለልጆች የሚሆን የሕይወት አድን ጃኬትም አልነበረባትም። በዚያው ዓመት ሐምሌ 4 ቀን በኒው ዮርክ ግዛት ኦይስተር ቤይ ከርችት ሲመለስ የተገለበጠው ጀልባ ደግሞ ርዝመቱ 34 ጫማ ብቻ ሆኖ 27 ሰዎችን ጭኖ ነበር፤ ሦስት ልጆች ሞቱ። ለንደን ላይ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 20 ቀን 1989 በቴምዝ ወንዝ የልደት ድግስ የነበረባት ማርሽዮነስ በአንድ የአሸዋ መርከብ ተገጭታ 51 ሰዎች አልቀዋል፤ በወንዙ ላይ የነፍስ አድን ጀልባ ጣቢያዎች የተቋቋሙት ከዚያ በኋላ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። መመለሻው ይከፋል ብዬ ብከራከርም የሆንግ ኮንጉ አደጋ የደረሰው በመሄጃ ላይ እንደሆነ መካድ አልችልም። በዓል ሁለቱንም ጫፍ ይይዛል።

ደንቡ ሳይጠፋ ነው ይህ ሁሉ የሚሆነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ ለማንም ይገባል፤ ሁልጊዜ በዐይንና በጆሮ ጠብቅ፤ ለመቆም በምትችልበት ፍጥነት ሂድ፤ ፊት ለፊት ከተገናኛችሁ ሁለታችሁም ወደ ቀኝ ታጠፉ፤ መንገድ ስትቋረጡ ሌላው በቀኝህ ካለ አንተ አሳልፈው፤ የምትቀድም ከሆነ የመጠንቀቁ ግዴታ ያንተ ነው፤ በጠባብ መተላለፊያ የቀኝ ዳርህን ያዝ። አንድ አጭር ጥሩምባ «ወደ ቀኝ እየዞርሁ ነው» ማለት ነው፤ ሁለት ከሆነ «ወደ ግራ»፤ አምስት አጫጭር ከሆነ «ሐሳብህ አልገባኝም» ማለት ነው፤ እኔ በበኩሌ ይህን የመጨረሻውን ለጎንደር ባጃጆችም እመኝላቸዋለሁ። ችግሩ ደንቡ የተጻፈው ሁለት መርከብ ለሚገናኝበት ጊዜ ነው። መቶ ጀልባ በአንድ ጊዜ ሲነሣ ማን በማን ቀኝ እንዳለ የሚቆጥር የለም፤ ለዚህ ነው በበዓል ቀን ከእያንዳንዱ ነጂ ብልሃት በላይ የሆነ፣ መንገዱን አስቀድሞ የሚከፍል፣ «አንተ ቆይ፤ አንተ ሂድ» የሚል አንድ ሰው የሚያስፈልገው። በአሜሪካ እንዲህ ያለ የውኃ ላይ በዓል አዲስ ከሆነ አዘጋጁ ለባሕር ጠባቂው ማመልከቻውን ከ135 ቀን በፊት ማስገባት አለበት። እኛ ዘንድ ንግግሩ የሚጀመረው በዋዜማው ነው፤ እሱም ስለ ድንኳን ነው።

ወደ ጣናው ልምጣ። እናቴ የተወለደችው ከጎርጎራ ብዙም በማይርቅ የባሕር ዳርቻ ቀበሌ ነው፤ አጎቴ እስከ ዛሬ እዚያው ይኖራሉ፤ ታንኳ ሲቀዝፉ አርጅተዋል። አንድ ዓመት ዕረፍት ላይ ሆኜ ለአስተርእዮ ማርያም፣ ጥር 21 ቀን፣ አብሬአቸው ወረድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ከውኃው ጥቂት ራቅ ብሎ ዛፍ ውስጥ ነው፤ ሕዝቡ ግማሹ በእግርና በመኪና፣ ግማሹ ደግሞ ከየባሕረ ሰላጤው ማዶ በጀልባና በታንኳ ይመጣል። የደንገል ታንኳ ያላየ ሰው ሊገምተው አይችልም፤ የነገደ ወይጦ ሰዎች እንደ ነዶ አስረው የሚሠሩት ነገር ነው፤ በውኃ ላይ ሲቆይ ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ካልደረቀ ይበሰብሳል፤ ቢሆንም ቶሎ አይሰጥምም። ሞገድ በጎኑ ሲመታው ግን ላዩ ያለውን ሰው እንደ ፈረስ ይጥላል።

ጠዋት ሁሉም ሰላም ነበር። ጣና ጠዋት መስታወት ነው። ታቦቱ ወጥቶ፣ ዑደቱ ተፈጽሞ፣ ሕዝቡ በልቶ ጠጥቶ ለመመለስ ወደ ውኃው ሲወርድ ሰዓቱ ወደ 10 ተጠግቷል፤ ያን ጊዜ ነፋሱ ከደቡብ ተነሥቷል። ጣና ሰፊ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር ስለማይበልጥ ማዕበሉ እንደ ውቅያኖስ ረጅምና ዝግ ያለ አይደለም፤ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ነው፤ ትንሽ ጀልባን ትንፋሽ አይሰጥም። አራት የሞተር ጀልባዎች አንዲት የድንጋይ መውጫ ላይ ተጋፍተው ቆመዋል። ለነጂዎቹ የሚከፈላቸው በምልልስ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ የጫነ፣ ቶሎ የተመለሰ ያተርፋል። ሰዉ ደግሞ ልጁን በአንድ እጁ፣ መሶቡን በሌላው እጁ ይዞ ወደ መጀመሪያው ጀልባ ይዘላል።

አንደኛው ጀልባ ጭኖ ሲነሣ አየሁት። ሰዎቹ ዘመዶቻቸውን ሊሰናበቱ ሁሉም ወደ ዳርቻው ጎን ተነሥተው እጃቸውን አነሡ፤ ጀልባው ያጋደለውን ማጋደል እስከ ዛሬ በሕልሜ አየዋለሁ፤ የጠርዙና የውኃው ልዩነት አንድ ስንዝር አይሞላም ነበር። ነጂው ደንግጦ ሞተሩን በአንድ ጊዜ ለቀቀው፤ ጀልባው ቀና አለ፤ ከኋላው የተነሣው ሞገድ ግን ዳር ዳሩን ይዛ ስትሄድ የነበረችን ታንኳ በጎኗ መታት። አንዲት አሮጊትና የልጅ ልጃቸው ወደቁ። ውኃው ደረት አይደርስም ነበርና ወጣቶች ገብተው አወጧቸው፤ ነጭ ጋቢያቸው እንደ ድንኳን ውኃው ላይ ተዘርግቶ፣ ሌማታቸው ክዳኑን ከፍቶ ሲንሳፈፍ ይታየኛል። ሰዉ እልል አለ፤ «ማርያም አወጣቻቸው» ተባለ። እኔም አሜን አልኩ። ማታ ግን አጎቴን «ጋሼ፣ ይኸው ነገር ሁለት መቶ ሜትር ገባ ብሎ ሆኖ ቢሆንስ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «እንግዲያ ለዓመቱ አንተው ና» አሉኝ፤ ነገሩ በዚህ ተይዞ ቀረ።

ዓመቱን ሙሉ በመርከቤ ላይ ሳስብበት ከረምኩ። መልሱን ያገኘሁት ግን ከየትኛውም ወደብ ደንብ አይደለም፤ ከገዛ ከተማዬ ጥምቀት ነው። ጎንደር ላይ ታቦታቱ በከተራ ዕለት ከየደብራቸው ወርደው አንድ ቦታ ያድራሉ፤ ሲመለሱ ግን በአንድ ጊዜ አይነሡም፤ ወረፋ አላቸው፤ ቅዱስ ሚካኤል ደግሞ ለጥር 12፣ ለቃና ዘገሊላ ይቆያል። ይህ ሥርዓት ለመጨናነቅ ተብሎ እንዳልተሠራ አውቃለሁ፤ ለእኔ ለመሐንዲሱ ግን በዐይኔ የታየኝ ያንን የወደብ ተቆጣጣሪ ነው። መምጣቱ በአንድ ቀን፣ መመለሱ በሁለት ቀን ተከፍሏል። ሕዝቡም «ለምን ዛሬ አልሄደም?» ብሎ አይቆጣም፤ ወረፋው የታወቀና የተከበረ ነውና። ጎንደሬ ስለ ጭነትም የሚነግረው አያስፈልገውም፤ በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሲሞቱ ያየ ከተማ፣ ሰው በቁጥር እንጂ በዐይን እንደማይጫን ያውቃል።

በቀጣዩ ዓመት ጥር ከመግባቱ በፊት ወርጄ ከአጎቴ፣ ከደብሩ አስተዳዳሪና ከአራቱ ጀልባ ባለቤቶች ጋር ተቀመጥን። የመጀመሪያው ጠብ በጭነት ላይ ነበር። አንደኛው ባለ ጀልባ «ሃያ ሰው ትጭናለች፤ ሁልጊዜ እጭናለሁ» አለ። ሃያ ሰው በስንት ኪሎ ተቆጥሮ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ በ60 ቢሆን 1,200 ኪሎ ነው። የበዓል ሰው ግን 60 ኪሎ አይደለም፤ ከነጓዙ ነው፤ ጠላው በጀሪካን፣ ድፎው በመሶብ፣ አንዳንዱ በግ ሁሉ ይዟል። በ75 ብንቆጥረው ያው 1,200 ኪሎ 16 ሰው ነው። ይህን ስሌት ከራሴ አላመጣሁትም፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 ሌክ ጆርጅ በተባለ ጸጥ ያለ ሐይቅ ላይ ኤታን አለን የተባለች የጎብኚዎች ጀልባ 47 መንገደኞችን ይዛ ተገልብጣ 20 ሰዎች ከሞቱ በኋላ መርማሪዎቹ ሲያሰሉት፣ 48 መንገደኛ እንድትጭን የተፈቀደላት ጀልባ በእውነተኛው የሰው ክብደት መጫን የነበረባት 14 ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ የአንድ ሰው ግምታዊ ክብደት በአገሩ ደንብ ወደ 185 ፓውንድ፣ ማለትም 84 ኪሎ ገደማ ከፍ ብሏል። ባለ ጀልባው ሰምቶኝ «እዚያ አገር ሰው ወፍራም ነው» አለ። ሳቅን፤ በ16 ተስማማን።

ሁለተኛውና ዋናው ጉዳይ ገንዘቡ ነበር። እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ፍጥነትና ስለ መንገድ ነው፤ አጎቴ ግን «ልጄ፣ እነዚህን ልጆች የሚያሯሯጣቸው ምልልሱ ነው፤ ምልልሱን ካልነካህ ምክርህ ውኃ ነው» አሉ። ስለዚህ የቀኑ ገቢ ሁሉ በአንድ ሙዳይ ገብቶ ማታ ለአራቱ እኩል እንዲካፈል ተወሰነ። አንድም ደንብ፣ አንድም ቅጣት ያን ያህል ሥራ ሲሠራ አላየሁም። የሚቸኩልበት ምክንያት ያጣ ነጂ ራሱ «ቀስ በሉ፣ ተቀመጡ» ማለት ይጀምራል።

ሦስተኛው ጠብ በአምስተኛዋ ጀልባ ላይ ተነሣ። ሁለት ዋናተኛ፣ አንድ ረጅም ገመድና ጥቂት የሕይወት አድን ጃኬት ይዛ ቀኑን ሙሉ ማንንም ሳትጭን ውኃው ላይ የምትቆም ጀልባ ያስፈልጋል አልኩ። ሞተር ሊጠፋ ይችላል፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ጣናን ያስቸገረው እምቦጭ ፕሮፔለር ላይ ከተጠመጠመ የቱንም ጀልባ መሀል መንገድ ላይ ያቆመዋል። ይህን ሁሉም ተቀበለ። በበዓሉ ዕለት ግን እንግዳ ይዘው የመጡ አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ጀልባዋ ባዶ መቆሟን አይተው «ይህቺ ዝም ብላ ከምትቆም እንግዶቼን ታንሸራሽር» አሉ። አስረዳሁ፤ አልገባቸውም፤ ስልጣናቸውን ነገሩኝ። የባዶ ጀልባ ጥቅሟ ባዶነቷ ነው ብሎ ለሰው ማስረዳት እንዴት ያለ መከራ ነው! ያዳነኝ ምሕንድስናዬ አይደለም፤ የደብሩ አስተዳዳሪ መጥተው «ጌታዬ፣ ጀልባዋ ለታቦቱ አገልግሎት የቆመች ናት» አሉ፤ ኃላፊው ተሳልመው ሄዱ። ውሸት ነው አልልም።

መንገዱን የከፈልነው በቢጫ የዘይት ጀሪካን ነው። ባዶ ጀሪካኖች በገመድ ድንጋይ ታስሮባቸው ውኃው ላይ በረድፍ ተተከሉ፤ ከጀሪካኖቹ ወዲህ፣ ጥልቀቱ ወገብ በሚያክለው የዳርቻ በኩል፣ የታንኳ መንገድ ነው፤ የሞተር ጀልባ ከነሱ ወዲያ ይሄዳል፤ የሚገባው በምሥራቅ፣ የሚወጣው በምዕራብ ነው፤ በጀሪካኖቹ አጠገብ የሚያልፍ ሁሉ በሰው እርምጃ ይሄዳል። ሞገድ የሚፈጠረው ከፍጥነት ነውና በዳር በኩል የሚቀዝፉ ሰዎች ከሁሉ በላይ የወደዱት ይህን የመጨረሻውን ነው። አንድ ቀዛፊ ሽማግሌ «ዛሬስ ሰው አደረጋችሁን» አሉ።

ለቆጠራው ደግሞ የጨርቅ ቅዳጅ አሰብን። እያንዳንዱ ጀልባ ቀለም አለው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ነጭ። ሰው ከጀልባ ሲወርድ የጀልባውን ቀለም ቅዳጅ ይቀበላል፤ ሲመለስ ያንኑ መልሶ ወደዚያው ጀልባ ይገባል። ግፊያው በዚህ ግማሹ ጠፋ፤ ጀልባህ እንደማይሄድብህ ካወቅህ ለምን ትጋፋለህ? ወረፋው ደግሞ በቅዳሴው ፍጻሜ በማይክራፎን ታወጀ፤ ሩቅ ያለው ቀድሞ ይሄዳል፤ ቅርብ ያለው ይቆያል። ከሩቁ ባሕረ ሰላጤ የመጡት ቅር አላቸው፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ተነሡ ሲባሉ በዓሉ ገና ደመቅ ሊል ነበር። አንዲት ሴትዮ «ጠላዬን እንኳ አላጋመስኩም» ብለው በቁጣ ገቡ። 9 ሰዓት ላይ ነፋሱ ሲነሣ የሩቆቹ ሁሉ ማዶ ደርሰው ነበር። የቅርቦቹ ደግሞ ነፋሱ ሲብስ ከግማሽ ሰዓት በላይ በዛፍ ሥር እንዲቆዩ አደረግን፤ አንድ ጎልማሳ «መርከበኛ ነኝ እያልክ ነፋስ ትፈራለህ እንዴ?» አለኝ። አዎ፣ እፈራለሁ። የሚሠራበት ሰው ሁሉ ይፈራዋል።

ሁሉም ነገር በጥሩ ሄደ ለማለት አልችልም። አረንጓዴው ጀልባ እምቦጭ ጠምጥሞ መሀል ላይ ቆመ፤ ባዶዋ ጀልባ ሄዳ ጎትታ አመጣችው፤ ሩብ ሰዓት አልፈጀም፤ ከመንገደኞቹ አንዱም ከመቀመጫው አልተነሣም፤ እኔ ግን እጄ ሲንቀጠቀጥ ነበር። የሕይወት አድን ጃኬቱን ሰው እንዲለብስ ማድረግም አልቻልንም፤ የበዓል ልብስ ላይ ማን ይለብሰዋል፤ ሴቶቹ አጣጥፈው ተቀመጡበት። ለልጆቹ ብቻ በግድ አስለበስን።

11 ሰዓት ላይ የመጨረሻው ጀልባ ሄደ፤ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ሰዓት ቀራት። ከአጎቴ ጋር ቅዳጆቹን ድንጋይ ላይ ዘርግተን ቆጠርን። ነጩ ሞላ፤ አረንጓዴው ሞላ፤ ቢጫው ሞላ። ቀዩ 47 ወጥቶ 46 ተመልሷል። ደግመን ቆጠርን፤ 46። ሦስተኛ ጊዜ አጎቴ ራሳቸው በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። ቀዩ ጀልባ ነጂ ከማዶ ተጠራ፤ ከሠፈሩ ወጣቶች አንዱ የዘጠኝ ዓመት የአጎቱ ልጅ እንደሌለ ያን ጊዜ አስታወሰ፤ «ከቢጫዎቹ ጋር የሄደ መስሎኝ» አለ። ባዶዋ ጀልባ በባትሪ መብራት ዳርቻውን ይዛ ሄደች፤ ዋናተኞቹ በደንገሉ መሀል እየጠሩት ገቡ፤ አስተዳዳሪው በጓሮው፣ በመቃብሩ ዘንድ፣ በዕቃ ቤቱ አስፈለጉ። ጨለማው ሲወርድ የልጁ ስም በውኃው ላይ ሲሄድ ይሰማል። እኔ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ቀዮቹን ቅዳጆች ይዤ ቀረሁ።

ሰዓቱ ወደ ምሽቱ 1 ተኩል ሲጠጋ አንድ ስልክ ጠራ። ልጁ ጎንደር ነው፤ ፒያሳ አካባቢ የምትኖር አክስቱ በዓሉ ላይ አግኝታው፣ ለሰው ነግራ የነገረችው ሰውም ረስቶ፣ ጉዳዩ ሳይታወቅ በሚኒባስ ይዛው ሄዳለች፤ በልቶ ተኝቷል። አጎቴ ስልኩን ተቀብለው እጁ ላይ ቀይ ጨርቅ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። «አዎ አባባ፣ አለ፤ እኔማ ከደብሩ የተሰጠው በረከት መስሎኝ እንዳትፈታው ብዬዋለሁ» አለች።

አጎቴ ጥቂት ዝም አሉና «ደህና አደረግሽ፤ አይፍታው» አሏት። «ነገ ግን በሚመጣ ሰው እጅ ላኪልን፤ ቆጠራው አልሞላልንም።»